በእኛ ደጅ ስንት ዘነበ?

(በተማሪዎች ማኅበር የሰኔ ወር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ዝናብ ለመናገር ነው። ይህን ስንል ከኋላ ወንበሮች ሣቅ እንደሚሰማ አስቀድመን ገምተን ነበር፤ ግምታችንም አልተሳሳተም። ስለ አገር ዕድገትና ስለ ሥራ ማጣት በሚነገርበት በዚህ መድረክ ላይ ስለ ጠርሙስና ስለ ማስመሪያ የሚያወሩ ሰዎች ቆመው ማየት የሚያስቅ መሆኑን እኛም አንክድም። ይሁን እንጂ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁላችንም ሻንጣችንን ይዘን ወደየአገራችን እንበተናለን፤ ክረምቱም አምርሮ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ስላለን ከመበተናችን በፊት ጥቂት ደቂቃ ስጡን።

እኛ ሰባት ነን። ከሰባታችን አንድም የሜቴዎሮሎጂ ተማሪ የለም። ሁለቱ ሒሳብ፣ አንዱ ታሪክ፣ አንዷ የነርስነት ትምህርት፣ የቀሩት ምሕንድስና የሚማሩ ናቸው። ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ የሚያዝያ ማታ በጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ስናጠና ዝናቡ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ እንደ ነጋሪት ይጎሸም ጀመር፤ እርስ በርሳችንም መደማመጥ አቃተን። አንዱ “ይህማ ከ50 ሚሊሜትር አያንስም” አለ። ሌላው “ከ30 አያልፍም” ብሎ ተከራከረ። በማግሥቱ በደጅ ተረስቶ ያደረ የቲማቲም ጣሳ አገኘንና ውሃውን በማስመሪያ ብንለካው 9 ሚሊሜትር ብቻ ሆነ። ቆርቆሮ ጣሪያ ውሸታም መሆኑን የተማርነው ያን ዕለት ነው።

ሚሊሜትር የተባለውን ነገር ብዙዎቻችን ከራዲዮ እንሰማዋለን እንጂ ምን ያህል ውሃ እንደሆነ አናስተውለውም። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ስለዚህ 50 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 20 ሚሊሜትር ቢወርድ 1,000 ሊትር፣ ማለትም አንድ ቶን ውሃ ከዚያ ጣሪያ ብቻ ይወርዳል። በአንድ ሠፈር ስንት ጣሪያ እንዳለ፣ የሁሉም ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ አንድ ቦይ ሲገባ ምን እንደሚሆን፣ ቦዩም በምን ተደፍኖ እንደሚቆይ እናንተው አስቡት።

ከዚያ ወዲህ አንዱን ጠርሙስ በስድስት ኪሎ፣ ሌላውን ደግሞ በቦሌ በኩል በአንዲት ጓደኛችን ወላጆች ግቢ አቆምን። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከአሥር ኪሎሜትር አይበልጥም። በመጀመሪያው ሐምሌ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በእኛ በኩል በረዶ ጥሎ ሜዳው ሁሉ ነጣ፤ በማግሥቱ ጠዋት ስንለካም 31 ሚሊሜትር አገኘን። በዚያው ሰዓት ወደ ቦሌ ደውለን “እንዴት ናችሁ? ጎርፉ አልጎዳችሁም?” ብለን ብንጠይቅ፣ “የምን ጎርፍ? እኛ ልብስ አስጥተናል” የሚል መልስ ተሰጠን። በቦሌው ጠርሙስ የተጻፈው ዜሮ ነበር። እንግዲህ በዚያ ቀን “በአዲስ አበባ ስንት ዘነበ?” ብሎ ለጠየቀ ሰው ምን ብለን እንመልስለት?

የዚህን ምክንያት ለማወቅ ደመናው እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማየት ያስፈልጋል። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ እርጥብ ነፋስ ወደ አገራችን ይገባል። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ ተራራ ሲገጥመው ደግሞ የበለጠ ይወጣል፤ ከላይ ሲቀዘቅዝም እርጥበቱ ደመና ይሆናል። ብዙው ዶፍ ከቀትር በኋላ የሚጥለው ስለዚህ ነው። ነጎድጓድ ያለው ደመና በቁመቱ ከየትኛውም ተራራ ይበልጣል፤ በስፋቱ ግን አንዳንዱ ከጥቂት ኪሎሜትር አያልፍም። አንዱን ሠፈር አጥለቅልቆ በአጠገቡ ያለውን ሳይነካ ማለፉ ስለዚህ የሚያስደንቅ አይደለም። ቀና ብላችሁ ብትመለከቱ ዝቅ ያለው ደመና ከደቡብ ምዕራብ ሲመጣ፣ የትልቁ ደመና አናት ግን እንደ ምጣድ ተዘርግቶ ወደ ምዕራብ ሲሳብ ታያላችሁ። በክረምት ከከፍታው ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ከምሥራቅ የሚመጣ ነውና። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሰማዩን እንደ ቀድሞው አያልፈውም።

ስለ በረዶም ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። ለምን ደጋውን ያዘወትራል? በእኛ ሰማይ ላይ ውሃ የሚረጋበት ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 5 ሺህ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች በረዶው ወደ እኛ ለመድረስ የሚያቋርጠው ሞቃት አየር 2,600 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ያው በረዶ ቆላ ለመድረስ ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ መንገድ በሙቀት ውስጥ መጓዝ አለበትና አብዛኛውን ጊዜ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። ትልቅ የበረዶ ድንጋይ ስታገኙ በቢላዋ ሰንጥቃችሁ እዩት፤ እንደ ሽንኩርት በልብስ ላይ ልብስ የደራረበ ነው። ወደ ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ በደመናው ውስጥ ተሸክሞ ባቆየው ቁጥር አዲስ ውሃ እየረጋበት ወፍሮ ነው ወደ ምድር የወረደው።

በትርፍ ጊዜ ሰማይ መከታተል በእኛ አልተጀመረም። በአሜሪካ በቬርሞንት ግዛት ጀሪኮ በምትባል መንደር ዊልሰን ቤንትሊ የሚባል ገበሬ ነበረ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1885፣ ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ማይክሮስኮፕን ከፎቶግራፍ መሣሪያ ጋር አጋጥሞ እንደ ጥጥ የሚወርደውን የአገሩን በረዶ ቅንጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶግራፍ አነሣ። እስከ ዕድሜው ፍጻሜም ከ5 ሺህ የሚበልጥ ሥዕል ሰበሰበ። በ1931 በበረዶ ወጀብ ውስጥ በእግሩ ተጉዞ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በሳንባ ምች ታሞ ሞተ። እኛን የማረከን ግን ሌላው ሥራው ነው። የዝናብ ጠብታን መጠን ለማወቅ ቤንትሊ የተነፋ ዱቄት በሣህን ላይ አድርጎ ለጥቂት ሴኮንድ ዝናብ ያስመታው ነበር። እያንዳንዱ ጠብታ በዱቄቱ ውስጥ ትንሽ ድቡልቡል ሊጥ ይሆናል፤ ሊጡ ሲደርቅ ይለካል።

እኛም በአንዱ ጓደኛችን ቤት ይህንኑ ሞከርን። የካፊያው ሊጥ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን የዶፉ ግን ምስር የሚያህል ነበር። ከ5 ወይም ከ6 ሚሊሜትር የሚበልጥ ጠብታ እናገኛለን ብሎ መድከም ትርፍ የለውም፤ ከዚያ የወፈረው ጠብታ በአየር ላይ ይበታተናልና። የጓደኛችን እናት ግን ሣህኑን አይተው “ዱቄት በዚህ ዋጋ እየተገዛ ለዝናብ ይበተናል? ተማሩ ብለን ልከናችሁ!” ስላሉን ምርምሩ በሁለተኛው ቀን ተቋረጠ።

ከዱቄቱ ይልቅ ቁም ነገር ያለበት የፎርት ኮሊንስ ታሪክ ነው። ፎርት ኮሊንስ በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት ያለች የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 1997 ማታ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ በኩል በአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ 250 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ወረደ። በጥቂት ኪሎሜትር ርቀት፣ በምሥራቁ ጫፍ፣ የወረደው ከ50 ሚሊሜትር ያነሰ ነበር። አምስት ሰዎች ሞቱ። ጎርፉ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ገብቶ ከ400 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍትን አራሰ። እኛ አንድ መጽሐፍ ለመዋስ በሰልፍ የምንቆም ተማሪዎች ይህን ስናነብ ምን እንደተሰማን መናገር አያስፈልግም። ከጎርፉ በኋላ በኮሎራዶ የአየር ጠባይ ጥናት ላይ የነበሩት ኖላን ዶስከን የተባሉት ሳይንቲስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነዋሪውን “በእናንተ ግቢ ስንት ዘነበ?” እያሉ ጠየቁ። በግቢው መለኪያ የነበረው ሰው ቁጥሩን ሰጠ፤ ያልነበረው ባልዲውን አስለካ። የዝናቡ እውነተኛ ካርታ የተሠራው ከዚህ ሁሉ ተለቃቅሞ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ1998 በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የዝናብና የበረዶ መለኪያ ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች፣ ጡረተኛው፣ ተማሪው፣ ገበሬው፣ በየማለዳው ከግቢያቸው ለክተው ይልካሉ። በጋ ሲሆን ዝናቡን፣ ክረምታቸው ሲገባ የበረዶ ወጀቡን በማስመሪያ ይለካሉ።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ጥፋት እንናገር፤ ይህን ሳንናገር ብንወርድ ለእናንተ ታማኞች አንሆንም።

በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣ አንድ ማታ በእንጦጦ ላይ መብረቁ ሳያቋርጥ ይብለጨለጭ ጀመር። ብልጭታውን ካየን በኋላ ድምፁ እስኪሰማ እየቆጠርን ርቀቱን ገመትን፤ በየ3 ሴኮንዱ አንድ ኪሎሜትር ነው። ወደ እኛ እየቀረበ መጣ። እኛም ዐዋቂዎች መስለን ወደ ቀበና ወንዝ ወርደን በወንዙ ዳር ያሉትን አምስት ቤቶች አንኳኳን። “ደራሽ ውሃ ሊመጣ ነውና ውጡ” አልናቸው። ሰዎቹ አመኑን። ፍራሹንና ልጆቹን ተሸክመው ወደ ላይኛው ጎረቤት ወጡ፤ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓትም ቁጭ ብለው ጠበቁ። ወንዙ ግን አንድ ስንዝር እንኳ አልጨመረም። ለካ ዶፉ የወረደው ከተራራው ወዲያ ማዶ በሱሉልታ በኩል ኖሯል።

በማግሥቱ ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ከነዚያ ቤቶች በአንዱ የሚኖሩ አንዲት እማማ ቡና አፍልተው አስቀመጡን፤ አልተቆጡንም። “ልጆቼ፣ የመጣችሁት በደግነት ነው። ነገር ግን ውሃው የእውነቱን በመጣ ቀን ብትጠሩኝ፣ ይህ እግሬ እንደ ትናንቱ ይነሣልኛል ትላላችሁ?” አሉን። ከእኛ መካከል የሚመልስላቸው ሰው አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ በመካከላችን ብዙ ተነጋገርን። አንዳንዶቻችን “ከእንግዲህ ዝም ብለን እንለካ፤ ለማንም አንናገር” አሉ። ሌሎቻችን ደግሞ ዝም ማለቱም በደል መሆኑን አስረዳን። በመጨረሻ የተስማማንበት ነገር ይህ ነው። ጥፋታችን መናገራችን ሳይሆን ያልለካነውን መናገራችን ነው። ያየነው ብልጭታ ነው፤ የተናገርነው ስለ ጎርፍ ነው። በተራራው ላይ ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ የሚነግረን አንድም ጠርሙስ አልነበረንም። አሁን አለን። በእንጦጦ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ቄስ በየጠዋቱ አንብበው በስልክ ይነግሩናል፤ ኃይለኛ ዶፍ ሲሆን ሌሊትም ቢሆን ይደውላሉ። ጠርሙሱን በሰጠናቸው ቀን “ዝናቡን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ስንት ነህ ብዬ ግን ጠይቄው አላውቅም” አሉን። እኛም የደረሰንን ቁጥር ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እናስተላልፋለን እንጂ ራሳችን በር አናንኳኳም።

ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ድሬዳዋን ያስታወሰ ሰው ያውቀዋል። ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ዝናቡ ከከተማው በላይ ባለው በሐረርጌ ደጋ ወረደ። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፤ ገበያም ይቆምበታል። በዚያች ሌሊት ግን ሕዝቡ በተኛበት ጎርፉ ደርሶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩም ቤት አልባ ሆኑ። በደጋው አንድ ጠርሙስ ኖሮ ቢሆን ያ ሁሉ ሰው ይድን ነበር ብለን የምንናገር ደፋሮች አይደለንም። ከለካው ሰው እስከተኛው ሰው ድረስ ስልክም፣ ሰሚም፣ መሮጫ መንገድም ያስፈልጋል። ነገር ግን ውሃው ከተራራው እስከ ከተማው ለመድረስ ጊዜ ፈጅቷል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በላይ ያለው ሰው ያውቅ የነበረውን በታች ያለው አላወቀም።

“የሜቴዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ምን ይሠራል?” የሚል ይኖራል። መሥሪያ ቤቱ ራሱን ችሎ ከተቋቋመ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ ቦታ ጣቢያ አቁሟል። ዝናብ ብቻ የሚለካባቸው አራተኛ ደረጃ የሚባሉት ጣቢያዎች የሚነበቡትም በአካባቢው ሰው እጅ ነው። ይሁን እንጂ አገሪቱ ሰፊ ናት፤ ገደሏም ብዙ ነው፤ አብዛኞቹም ጣቢያዎች ያሉት በከተማና በመኪና መንገድ ዳር ነው። “ስልኬ ላይ የሳተላይት ሥዕል አያለሁ” ለሚለውም ጓደኛችን መልስ አለን። ሳተላይቱ በየ15 ደቂቃው የደመናውን አናት ያሳያል፤ እኛም ዘወትር እንመለከተዋለን። መሬት ላይ የወረደውን ውሃ ግን ከላይ ሆኖ ይገምታል እንጂ አይለካም።

እንግዲህ ልመናችን ወደዚህ ይደርሳል። ክረምት ሲገባ ዩኒቨርሲቲው ይዘጋል፤ ይህን ብዙ ጊዜ እንደ ችግር ቆጥረነው ነበር። ዘንድሮ ግን ስናስበው፣ በዚህ አዳራሽ የተቀመጠው ሰው በሐምሌ በደብረ ታቦር፣ በጎባ፣ በሶዶ፣ በመቱ፣ በደሴ፣ በጅጅጋ ሊገኝ ነው። ይህን ያህል የተበተነ የንባብ ሰው በምን ገንዘብ ይገኛል?

የሚፈለገው ቀላል ነው። አፉና ወገቡ እኩል የሆነ ጠርሙስ ይሁን፤ አንገቱ የጠበበ አይሆንም፤ ቁጥሩን ያሳስታል። ከግድግዳና ከዛፍ አርቁት። ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ አስደግፉት፤ ፍየል እንዳይጥለው ደግሞ እሾህ እጠሩበት፤ ይህን ያወቅነው በደረሰብን ነው። በረዶ ከገባበት ቀልጦ ይለካ። መብረቅ ባለበት ሰዓት ማንም አይውጣ፤ ከብልጭታው እስከ ድምፁ 30 ሳትቆጥሩ ከተሰማ ቅርብ ነውና ከሜዳና ከዛፍ ሥር ወደ ቤት ግቡ። ንባቡ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ በአገሪቱ ያሉት ጣቢያዎችም የሚነበቡት በዚሁ ሰዓት ስለሆነ የእናንተ ቁጥር ከእነርሱ ጋር ይነጻጸራል።

ከሁሉ የሚከብደው ዜሮ መጻፍ ነው። ዶፍ በጣለ ማግሥት ሁሉም ሰው ወደ ጠርሙሱ ይሮጣል፤ ብራ በሆነ ቀን ግን ማንም አይሄድም። ሄዶ ባዶ መሆኑን ያየ ሰው “0” ይጻፍ። ያልሄደ ሰው ሰረዝ ይጻፍ። ባለፈው ዓመት በእኛ ደብተር አራት ቀን ሳይነበብ ቀረ፤ ከእኛ አንዱም “ትንሽ ካፊያ ነበር፤ 2፣ 2 ብለን እንሙላው” አለ። በዚህ ነገር ሁለት ቀን ተኳረፍን። አራቱ ሰረዞች ዛሬም በደብተሩ ላይ አሉ፤ የፈለገ መጥቶ ያያቸዋል።

ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚለውን የአባቶች ብሂልም መርምሩልን። በስድስት ኪሎ ጠርሙስ በሦስቱም ዓመት ከነሐሴ 13 በኋላ ብዙ ውሃ ተቀብለናል፤ ብሂሉን ግን ለመሻር አንቸኩልም። ምናልባት የተነገረው ስለ ሌላ አገር ሰማይ ይሆናል። የሦስት ዓመት ንባብ ያለው የአንድ ሠፈር ጠርሙስ በዚህ ላይ ሊፈርድ አይችልም።

ደብተሮቹን በመስከረም እንሰበስባለን። ጠርሙሶቹ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በመስኮቱ ሥር ተደርድረዋል፤ 22 ናቸው። የሦስቱ አፍ ስለተሸረፈ ጣታችሁን እንዳይቆርጣችሁ ተጠንቀቁ። ማስመሪያ ግን የየራሳችሁን ያዙ።